አርባ ሱቅ በአንድ ስልክ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለለቅሶ የምለብሰው ነጠላ ልገዛ ሸማ ተራ ወርጄ ሳለ ዝናብ ያዘኝ። የመርካቶን የክረምት ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ በአንድ አፍታ ጎርፍ ይሆንና ሰው ሁሉ ያገኘው በረንዳ ሥር ይገባል። እኔም ሮጬ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተጠለልሁ። ከጎኔ አንዲት ወጣት ሴት በላስቲክ የተሸፈነ ካርቶን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። ትንሽ አየችኝና፣

«ቲቸር ጴጥሮስ! እርስዎ ነዎት?» አለች።

ከጡረታ በፊት ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ አዲስ ከተማ ውስጥ አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ አይጠፋም። ይህችን ግን ወዲያው አወቅኋት። ሰዓደት ሙህዲን ናት፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሳስተምራት ከፊት ወንበር ተቀምጣ «ለምን?» ማለት የማይታክታት ልጅ። አባቷ በዚሁ ረድፍ የሸማ ክር ይሸጡ ነበር፤ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ሱቃቸውን ዘግተው የሚመጡ ጨዋ ሰው ናቸው።

«አባትሽስ ደኅና ናቸው?» አልኋት።

«አባቴ ሞቷል፣ ቲቸር» አለች። «ሚያዝያ ላይ። እዚሁ ነው የሞተው።»

በአገጯ ወዳመለከተችው አየሁ። ሦስት ሱቅ አልፎ የላሜራ በሩ በእሳት ጠቁሮ የተጣመመ፣ ግድግዳው ጥላሸት የለበሰ ሱቅ ቆሟል። «ነፍስ ይማር» አልኋት። ይህን ጊዜ ከጀርባችን የሱቁ ባለቤት ብቅ ብለው፣

«ግቡ፣ ግቡ፤ በዝናብ ምን ያቆማችኋል?» አሉ።

እኒህ ሰው ጋሼ ኃይለልዑል ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው፣ አውቶቡስ ተራ በተሸካሚነት ጀምረው፣ በላባቸው ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። የረድፉን እድር በሊቀመንበርነት ሲመሩ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለእኔ ወንበር ሰጡኝ፤ ለሰዓደት ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ላይ ቦታ አሳዩዋት። ዓይናቸው ግን ካርቶኑ ላይ ነበር።

«ዛሬም ይዘሽው መጣሽ?» አሏት። «ይኼ እኮ ሦስተኛሽ ነው፣ ልጄ።»

«አዎ፣ ጋሼ። እስኪሰሙኝ ድረስ እመጣለሁ።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ብጠይቅ እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በዚህ ረድፍ ውስጥ በሐሰት «እሳት!» ብሎ ጮኸ። በግርግሩ አንዲት ነፍሰ ጡር ተረገጠች፤ ሦስት ሱቆችም ተዘረፉ። ከዚያ ወዲህ እድሩ ደንብ አወጣ። ዘበኛው አደጋ ሲያይ ለማንም ሳይናገር ለሊቀመንበሩ ይደውላል፤ ሊቀመንበሩ አጣርተው ለባለሱቆቹ ያስታውቃሉ። ሰዓደት ይህን ደንብ ልታፈርስ ነው የመጣችው፤ በካርቶኑ ውስጥ ያለውም አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው።

ሚያዝያ ላይ የሆነውን ቀስ ብላ የነገረችኝ ራሷ ናት። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ግድም ነበር። ረድፉ ተዘግቷል። አባቷ ግን ቆጡ ላይ ወጥተው ክር ይለዩ ነበር። ከኋላ ባለው ሱቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቃጠለ። ዘበኛው አሸብር ጭሱን አይቶ እንደ ደንቡ ለሊቀመንበሩ ደወለ፤ አልተገኙም። ደጋግሞ ደወለ። ተስፋ ቆርጦ ራሱ በር ለበር ማንኳኳት ሲጀምር የክሩ ጭስ የቆጡን መሰላል ሞልቶት ነበር።

«ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» አሉ ጋሼ ኃይለልዑል ወደ ዝናቡ እያዩ። «ለፖሊስም ተናግሬያለሁ። የእግዜር ቁጣ ነው እንጂ ምን ይደረጋል?»

 ሰዓደት የካርቶኑን ላስቲክ አስተካከለች።

እኔም፣ «ለመሆኑ ይህ ኮምፒዩተር ምን ይሠራል?» አልኋት።

«ስልክ ቤት ነው፣ ቲቸር። ድሮ በትልልቅ መሥሪያ ቤት ጥሪ የምታቀባብል ኦፕሬተር ነበረች አይደል? የእሷን ሥራ ይሠራል። እኔ በምሠራበት የጥሪ ማዕከል በቀን ሺህ ሰው የሚያገናኘው እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ነው። ድምፅን እንደ መልእክት ቆራርጦ በኢንተርኔት መንገድ ይልካል። ድምፁ ከረድፉ ወጥቶ መሄድ ግን አያስፈልገውም። አርባውን ሱቅ በአንድ የዋይፋይ መስመር ካገናኘን፣ የውጭው ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ እርስ በርስ እንደዋወላለን። አሸብር አንድ ቁጥር ሲነካ አርባው ሱቅ በአንድ ጊዜ ይጠራል። ያነሳ ሁሉ የአሸብርን ድምፅ ይሰማል።»

«ዋጋውስ?»

«ኮምፒዩተሩ የተጣለ ነው፤ ከቢሮ ለምኜ ነው ያመጣሁት። ሶፍትዌሩ በነጻ ነው።»

ጋሼ ኃይለልዑል ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም።

«ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ መርካቶ ውስጥ ስድሳ ዓመት ኖሬያለሁ። በነጻ የሚሰጥ ዕቃ አንድም የተሰረቀ ነው፣ አንድም የተበላሸ ነው። ማን ነው ለፍቶ ሠርቶ በነጻ የሚያድለው? ባለቤቱስ ማን ነው? ነገ ቢበላሽ የማንን በር ላንኳኳ ነው?»

«ባለቤቱ ብዙ ሰው ነው፣ ጋሼ። በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች አብረው ጻፉት፤ አጻጻፉንም ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀዳው፣ እንዲያሻሽለው ክፍት አድርገው ተዉት። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚባለው ለዚህ ነው። እስቲ እኔ ልጠይቅዎ። ይኼ ጥለት የማን ነው?» ብላ ከመደርደሪያው ላይ የአንዱን ነጠላ ጫፍ ያዘች።

«የሸማኔው ነዋ።»

«እሱ ከማን ተማረው?»

«ከአባቱ። ከጎረቤቱ። አይቶ ነው። ያየውን ይሠራል፤ የራሱን ይጨምርበታል።»

«እንግዲያው ሶፍትዌሩም እንደዚሁ ነው። ጥለት ባለቤት የለውም ተብሎ ነጠላ አይጠላም። ደግሞ ሰው ነጠላ ሲገዛ ምን ያደርጋል? ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ክሩ የተቋጠረበትን ይፈትሻል። ክፍት ሶፍትዌር ጀርባው የሚታይ ነጠላ ነው። ተዘግቶ የሚሸጠው ግን በታሸገ ከረጢት እንደሚሸጥ ነጠላ ነው፤ ቤትዎ ወስደው እስኪለብሱት ድረስ ጉድለቱን አያውቁም።»

በዚህ ጊዜ እኔ በውስጤ፣ ያቺ የማትታክት ተማሪዬ አስተማሪ ሆናለች አልሁ። ጋሼ ኃይለልዑል ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ጥሩ። እኔ ጀርባውን ካየሁት ሌባውም ያየዋል። የንግድ ወሬያችንን ጠልፎ ቢሰማስ? በኢንተርኔት ስልክ የተነሳ ሰው ታሰረ ሲባልም ሰምቻለሁ።»

«የታሰሩት ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ በስውር እያስገቡ የሚሸጡ ናቸው ይባላል። የእኛ ግን ከረድፉ አጥር አይወጣም፤ ቢሆንም የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ጠይቄ አይከለከልም የሚል መልስ ይዣለሁ፣ ያንብቡት። ሌባውን በተመለከተ ልዋሽዎ አልፈልግም። የይለፍ ቃሉን አንድ ሁለት ሦስት አራት ብለን ካደረግነው፣ ሶፍትዌሩንም በየጊዜው ካላደስነው ይገባብናል። ነገር ግን ሌባ የቁልፍን አሠራር ማወቁ ቤት አያስከፍተውም፤ ቁልፉ ራሱ እኛ ኪስ ውስጥ ነው። ድምፁም ተቆልፎ ነው የሚሄደው።»

«አንቺ ባል አግብተሽ ስትሄጂስ?»

«ለዚያም ሐመልማልን አስተምሬያታለሁ።» ሐመልማል በረድፉ መጨረሻ ቆጥ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፋ ልጅ ናት። «እሷም ብትሄድ መጽሐፉ ክፍት ነው፤ የተማረ ሁሉ ገልጦ ይጠግነዋል። ከአንድ ድርጅት ብንገዛው ግን ድርጅቱ የተዘጋ ቀን እኛም ተዘጋን ማለት ነው።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው ወደ በሩ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ! ያቺ ነፍሰ ጡር ስትረገጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ያነሳኋትም እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ በአንዴ ከሰማ በአንዴ ይሮጣል። አንድ ሰው ማጣራት አለበት። አንድ ኃላፊ መኖር አለበት!»

«ሰው እርስ በርስ የሚረጋገጠው ነገሩን ሳያውቅ ሲቀር ነው፣ ጋሼ» አለች ሰዓደት በዝግታ። «ያን ጊዜ የተሰማው ባዶ ጩኸት ነበር። እዚህ ግን የሚሰማው የአሸብር ድምፅ ነው፤ እሳቱ የት እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ይናገራል። ከተመዘገበ ሰው በቀር ያን ቁጥር መደወል የሚችል የለም። እርስዎም መስመሩ ላይ ገብተው ማዘዝ ይችላሉ፤ ትእዛዝዎን አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ይሰማል። እርስዎ ግን ባይገኙ ማንም አይጠብቅዎትም። እኔ የምለው ይህንኑ ብቻ ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጋሼ ኃይለልዑል ዞር አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀስ ብለው መጥተው ከፊቷ ተቀመጡ።

«ኔትወርክ ነበረ» አሉ።

ሰዓደት ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያን ቀን ኔትወርክ ነበረ። ደብረ ማርቆስ ካለው ወንድሜ ጋር በአባታችን መሬት ተጣልተን እየተሰዳደብን ነበር። ሌላ ሰው እየደወለ መሆኑን ስልኩ ጆሮዬ ሥር ይነግረኛል፤ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ይቆዩ፣ ይጠብቁ አልሁ። ወንድሜን ሳላሸንፍ ስልኩን መዝጋት አልፈለግሁም። ሙህዲን ከእኔ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ረድፍ የነገደ ሰው ነው። ረመዳን ሲሆን እሱ ለሶላት ሲሄድ ሱቁን እጠብቅለት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሰዓደት።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«መስመሩ ተይዞ እንደነበር። የአባቴ ስልክ እኔ ጋ ነው። ስድስት ጊዜ ነው ለእርስዎ የደወለው። ሊቀመንበሩ ከሰሙ ሰው ይልካሉ ብሎ ነው፤ ደንቡን ያከብር ነበር። በሰባተኛው ለእናቴ ደወለ። ቃል አልተናገረም። የሰማችው ሳል ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ለሰው አልተናገርሽም?»

«መጀመሪያ በጣም ጠልቼዎት ስለነበር ነው፤ ፊትዎን ማየት አልችልም ነበር። ኋላ ግን አሰብሁ። ያን ቀን ስልኩን ቢያነሱት እንኳ ሌላ ቀን ላያነሱት ይችላሉ። ሊታመሙ ይችላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ። የአርባ ሱቅ ነፍስ አንድ ሰው ስልክ መያዝ አለመያዙ ላይ ከተንጠለጠለ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። እርስዎን ማሳጣት ለረድፉ ምን ይጠቅማል? ይቅር ብዬዎታለሁ ማለቴ ግን አይደለም። እሱን ገና አልቻልሁም።»

አንባቢ ሆይ፣ ሰው አዲስ ነገርን የሚቃወመው ሁልጊዜ ባለማወቅ እንዳይመስልህ። እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ኃይለልዑል ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚሠራ ሰዓደት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነግራቸው ገብቷቸዋል። ያስፈራቸውም ነገሩ የገባቸው መሆኑ ነው። ይህ ነገር ጠቃሚ ነው ብሎ መቀበል፣ ሙህዲን መዳን ይችል ነበር ብሎ መቀበል ነው። ስንቱ መልካም ነገር በአገራችን የሚቀረው ጥፋቱን መናገር የከበደው ሰው በር ላይ ስለቆመ ይሆን?

«ክፈቺው» አሉ በመጨረሻ። «ካርቶኑን ክፈቺውና ምን እንደሚመስል አሳዪኝ። ለእድሩ ግን የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺ እንዳትናገሪ።»

በሚቀጥለው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ እኔም ተጋብዤ ተገኘሁ። ጋሼ ኃይለልዑል ለእኛ የነገሩንን ሳይቀንሱ በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ምስራ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ተነሡና ማንንም ሳያዩ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለሽማግሌው ሰላምታ ሰጥተዋቸው አያውቁም። ይህም ፍርዳቸው ነውና ማንም አልወቀሳቸውም። እድሩ አዲሱን ነገር ተቀበለ፤ ሊቀመንበርነቱንም ጋሼ ኃይለልዑል ራሳቸው ለቀቁ።

መስከረም ሳይጠባ ኮምፒዩተሩ ዘበኛው ቤት ተቀመጠ። መብራት ሲጠፋ እሱንና የዋይፋይ መስመሩን የሚያሠራ ባትሪ ተገዛ። የእያንዳንዱ ባለሱቅ ሞባይል ላይ መደወያው ተጫነ፤ እንደ ሐመልማል ቆጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና በሚጮኽበት ቦታ ደግሞ ባትሪ ያለው ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ሁለት ሱቆች ጥሪውን እንደሰሙ በመደበኛው ስልክ ለእሳት አደጋ እንዲደውሉ ተመደቡ፤ ይህ ኮምፒዩተር ብቻውን እሳት አያጠፋምና። በየወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ይሞከር ነበር። አንዳንዱ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ይስቃል፤ ግን ሁሉም ያነሳል።

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ፣ ገበያው በሞላበት በአራት ሰዓት፣ ከረድፉ ጀርባ ካለው የፕላስቲክ መጋዘን እሳት ተነሣ። መብራት ወዲያው ጠፋ። ጋሼ ኃይለልዑል ያን ሰዓት ቀብር ላይ ነበሩ፤ ስልካቸውንም ዘግተውት ነበር። በድሮው ደንብ ቢሆን አሸብር የሚደውለው ለዚያ ለተዘጋው ስልክ ነበር። አሁን ግን ያቺን አንድ ቁጥር ነካ። አርባው ሱቅ ጮኸ። «አሸብር ነኝ። እሳት ነው፣ በመጋዘኑ በኩል ነው። በኋላ በር ማንም እንዳይወጣ። ወደ ፊት ለፊት ውጡ፣ ቆጥ ላይ ያላችሁ መጀመሪያ ውረዱ» ሲል ሁሉም ሰማው። ሐመልማልና ሦስት ሰፊዎች ከመኪናው ጩኸት መካከል ይህን ሰምተው መሰላሉን ወረዱ። ወርደው ሳይቆዩ ቆጡ በጭስ ታፈነ። አሸብር የተቆለፈውን የመተላለፊያ በር ሲከፍት ሁለት እጁ ተቃጠለ፤ ዛሬም ጣቶቹ በደንብ አይታጠፉም።

ሰምቼ ስደርስ አሥራ አንድ ሱቅ ወድሟል። ከአሥራ አንዱ አንዱ የጋሼ ኃይለልዑል ነበር። የዕድሜ ልክ ልፋታቸው እርጥብ ጥላሸት ሆኖ መንገዱ ላይ ፈስሷል። እሳቸው ግን ወደ ሱቃቸው ዘወር ብለው አላዩም። ለቀብር የለበሱትን ነጠላ እንዳጣፉ የሰውን ስም በየተራ ይጠራሉ። «ሐመልማል!» «አለሁ፣ ጋሼ።» «ሩታ!» «አለሁ።» «ሙራድ!» «እዚህ ነኝ።» አርባውንም ጠርተው ጨረሱ። ሁሉም አለ። ከዚያ አፋቸው እንደገና ተከፈተና ቃል ሳይወጣው ተዘጋ፤ ሊጠሩት የነበረው ስም የማን እንደሆነ እዚያ የነበርን ሁላችን አውቀናል። ሰዓደትም አውቃለች። ሄዳ ከጎናቸው ቆመች፤ አልነካቻቸውም፤ ቆመች ብቻ።

የዚህን ለውጥ ጥቅም በአጭሩ ልናገር። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ኃላፊነት ለአርባ ሰው ተከፈለ፤ በመካከል አንዱ ቢጎድል ጥሪው አይቆምም። ደግሞም ሥራው የተሠራበት ጥበብ ክፍት ስለሆነ በዚህ ረድፍ ብቻ አልቀረም። ከጎረቤት ረድፍ ሳዳም የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ከሰዓደት ቀድቶ ወሰደውና ከዘበኛው ድምፅ በፊት በአማርኛና በስልጥኛ የተቀዳ ማስጠንቀቂያ እንዲያሰማ አደረገው፤ ያሻሻለውንም መልሶ ለሰዓደት ሰጣት። ፈቃድ የሚጠየቅ፣ ደጁ የሚጠና ጌታ አልነበረም። ኅዳር ሳያልቅ ሦስት ረድፎች ይህንኑ አስገቡ።

አራተኛው ረድፍ ግን እምቢ አለ። ሊቀመንበራቸው ሐጂ አብዱልሰላም የተከበሩ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ጋሼ ኃይለልዑል ሊያናግሯቸው ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድሁ። ሐጂ ሻይ አዘዙልንና፣

«በነጻ የተሰጠ ነገር አልወድም፤ ደግሞ አንድ ሰው አጣርቶ ቢናገር ይሻላል» አሉ። «እኔ ስልኬን ሁልጊዜ አነሳለሁ። እንዴት ነው እርስዎን ያህል ሰው በዚህ ያመነው?»

እኔ ስለ ጥለቱና ስለ ነጠላው ጀርባ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጋሼ ኃይለልዑል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው አስቆሙኝ። ሻያቸውን ሳይቀምሱ ወደ ጎን አስቀመጡት። ይህን ታሪክ በየረድፉ ሲናገሩ አራተኛቸው ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ለመጀመር እንደዚህ ይቸገራሉ።

«ሐጂ፣ ሙህዲን የሚባል ጎረቤት ነበረኝ» አሉ።